ሲሚንቶ ከመግዛት በፊት ሜትር ይዘርጋ

መኸሩ ተሰብስቦ፤ አውድማው ተጠርጎ፤ እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ የሚመጡት ወራት በደጋውና በወይና ደጋው አገር የቤት መሥሪያ ወራት ናቸው። ከጥር እስከ ሚያዝያ መንገዱ ደረቅ ነው። ለደቦ የሚጠራ ጉልበት ይገኛል። እህሉን ወይም ከብቱን የሸጠ አባወራም እጁ ላይ ጥቂት ገንዘብ ይዞ ፊቱን ወደ ጎጆው የሚመልሰው በእነዚሁ ወራት ነው። የሣር ክዳን በቆርቆሮ የሚተካበት፤ በእበት የሚለቀለቀው የአፈር ወለል በሲሚንቶ የሚለበጥበት ቤት በየመንደሩ ከዓመት ወደ ዓመት እየበዛ መጥቷል።

ይህ ሥራ ሲታሰብ ከአባወራው አፍ መጀመሪያ የሚወጣው ጥያቄ፤ «ስንት ኩንታል ሲሚንቶ ይበቃኛል?» የሚል ነው። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ችግሩ ያለው መልሱ ከየት ይመጣል? በሚለው ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ መልሱ የሚመጣው ቤቱን በዓይኑ ቃኝቶ ቁጥር ከሚጠራ ግንበኛ ወይም ባለፈው ዓመት ቤት ከሠራ ጎረቤት ነው። በዓይን የተገመተ ሲሚንቶ ደግሞ አንድም ይጎድላል፤ አንድም ይተርፋል። ሁለቱም የሚያስከፍሉት የገበሬውን ጥሪት ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ አባወራ እንውሰድ። ቤቱ በውስጥ በኩል ርዝመቱ 8 ሜትር፤ ወርዱ 5 ሜትር ነው። ባለቤቱ በበጋ አቧራ፤ በክረምት እርጥበት ተማርራ ኖራለችና ተመካክረው አንድ በሬ ሸጡ። ግንበኛው ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና፤ «ጋሼ፤ ሃያ ሁለት ይበቃዎታል» አላቸው። አባወራውም ከተማ ወርደው 22 ከረጢት ሲሚንቶ ገዝተው ተመለሱ። ደቦው ተጠራ፤ ጠላው ተጠመቀ፤ ሥራውም በጠዋት ተጀመረ። የመሠረቱ ማሰሪያ አርማታ ተሞልቶ፤ የወለሉ ሥራ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ግን ሲሚንቶው አለቀ። ግንበኛው «ሃያ ሁለት» ያለው ኩንታል ነበር፤ አባወራው የሰሙት ከረጢት ነው።

እዚህ ላይ ያታለለም፤ የሰነፈም የለም። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ቋንቋ ተነጋግረው በሁለት መለኪያ ተለያዩ። ውጤቱ ግን ቀላል አይደለም። የመጣው ደቦ ሥራውን ሳይጨርስ ይበተናል። የቀረውን ሲሚንቶ ለመግዛት ሁለተኛ በግ ወይም ጊደር ገበያ ይወርዳል። ዛሬ የተሞላው እኩሌታ ደርቆ ከሰነበተ በኋላ ሌላው እኩሌታ ሲሞላ ሁለቱ እንደ አንድ ስለማይያያዙ፤ መጋጠሚያው ላይ መሰንጠቅ ይመጣል። ይህን ሁሉ ለማስቀረት የሚያስፈልገው አንድ የሜትር ጥቅልል፤ አንድ እርሳስና አንድ ቅጠል ወረቀት ብቻ ነው።

ኩንታልና ከረጢት

ከሁሉ በፊት መለኪያው ይጥራ። በአገራችን ሲሚንቶ የሚታሸገው 50 ኪሎ በሚመዝን ከረጢት ነው። ዋጋው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው በኩንታል፤ ማለትም በ100 ኪሎ ነው። ስለዚህ 1 ኩንታል ሲሚንቶ ማለት 2 ከረጢት ነው። ኩንታልና ከረጢት የተቀላቀሉበት ሰው አንድም በግማሽ ያንሰዋል፤ አንድም እጥፍ ይገዛል። ከላይ በተነገረው ምሳሌ ግንበኛው «44 ከረጢት» ለማለት «አርባ አራት» ብሎ ቢሆን ኖሮ፤ አባወራው 44 ኩንታል፤ ማለትም 88 ከረጢት ሊገዙ ይችሉ ነበር። ቁጥር ሲጠራ «ምን?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በወረቀት ላይ ማስፈር የመጀመሪያው ጥንቃቄ ነው።

ርዝመት፤ ወርድና ውፍረት

ኮንክሪት ሲሚንቶ፤ አሸዋ፤ ጠጠርና ውሃ ተቀላቅለው የሚገኝ ነገር ነው። ብረት ሲገባበት ግንበኞች አርማታ ይሉታል። ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የሚታወቀው ሦስት ነገሮችን በማባዛት ነው። እነርሱም ርዝመት፤ ወርድና ውፍረት ናቸው። ሦስቱም በሜትር ይጻፋሉ። የሚገኘው ውጤት ሜትር ኩብ ይባላል። አንድ ሜትር ኩብ ማለት ርዝመቱም፤ ወርዱም፤ ከፍታውም አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሳጥን የሚይዘው መጠን ነው።

የሚበዛው ስሕተት የሚፈጸመው በውፍረቱ ላይ ነው። 10 ሳንቲ ሜትር በሜትር ሲጻፍ 0.10 ነው። 20 ሳንቲ ሜትር 0.20፤ 5 ሳንቲ ሜትር ደግሞ 0.05 ነው። ነጥቧ አንድ ቤት ከተሳሳተች ሂሳቡ በአሥር እጥፍ ይወድቃል ወይም ይጨምራል።

ክንድ ለጋቢና ለሸማ ያገለግል ይሆናል፤ ለሲሚንቶ ግን አያገለግልም። የሰው ክንድ እንደ ሰውየው ይለያያልና። ክንዱ 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው ከላይ የተጠቀሰውን ቤት ቢለካ 18 ክንድ በ11 ክንድ ያህል ያገኛል። ሁለት ክንድ አንድ ሜትር ነው ብሎ ቢያሰላው ቤቱ 9 ሜትር በ5 ሜትር ተኩል ይሆንበታል። ይህም ከእውነተኛው በ9 ካሬ ሜትር ተኩል ይበልጣል። በዚህ ምክንያት ብቻ 3 ኩንታል ያህል ሲሚንቶ ያለ ሥራ ይገዛል።

አሁን የአባወራውን ቤት በሜትር እናስላው። ሥራው ሦስት ክፍል አለው።

አንደኛው ወለሉ ነው። 8 ሜትር ሲባዛ በ5 ሜትር 40 ካሬ ሜትር ነው። ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፤ 40 ሲባዛ በ0.10 ውጤቱ 4 ሜትር ኩብ ይሆናል። ከወለሉ ሥር የሚነጠፈው ድንጋይ በዚህ ሂሳብ ውስጥ አይገባም።

ሁለተኛው በድንጋዩ መሠረት ላይ ዙሪያውን የሚሄደው ማሰሪያ አርማታ ነው። ወርዱም ከፍታውም 20 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። የዙሪያው ርዝመት የሚለካው በአርማታው መሐል ለመሐል ነው። በውጭ በኩል ቢለካ ማዕዘኖቹ ሁለት ጊዜ ይቆጠራሉ፤ በውስጥ በኩል ቢለካ ጨርሶ ሳይቆጠሩ ይቀራሉ። መሐል ለመሐል ሲለካ አንዱ ጎን 8 ሜትር ከ20፤ ሌላው 5 ሜትር ከ20 ይሆናል። ሁለቱ ተደምረው በ2 ሲባዙ 26 ሜትር ከ80 ይገኛል። ይህ በ0.20 ከዚያም እንደገና በ0.20 ሲባዛ 1.07 ሜትር ኩብ ይሆናል።

ሦስተኛው በረንዳው ነው። ርዝመቱ 8 ሜትር፤ ወርዱ 1 ሜትር ከ20፤ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 0.96 ሜትር ኩብ ነው።

ሦስቱ ሲደመሩ 6.03 ሜትር ኩብ ይሆናል። ኮንክሪት ሲቦካ፤ በባሬላ ሲጓጓዝና ሲፈስ የሚባክን አለ። የመሬቱ ወጣ ገባ የሚውጠውም አለ። ለዚህ ከመቶ 10 ይጨመራል። ጠቅላላው ወደ 6.63 ሜትር ኩብ ይደርሳል ማለት ነው። ከመቶ 10 በላይ የሚባክን ከሆነ ግን ሂሳቡ ሳይሆን አሠራሩ መመርመር አለበት።

ከሜትር ኩብ ወደ ከረጢት

ቀጥሎ የሚመጣው ሜትር ኩቡን ወደ ሲሚንቶ መለወጥ ነው። ይህ የሚወሰነው በድብልቁ ዓይነት ነው። ድብልቅ የሚጠራው በሳጥን ቁጥር ሲሆን መጀመሪያ ሲሚንቶው፤ ቀጥሎ አሸዋው፤ በመጨረሻም ጠጠሩ ይጠራል።

ለተራ የቤት ወለል 1 ለ2 ለ4 የሆነው ድብልቅ የታወቀ ነው። በዚህ ድብልቅ ለ1 ሜትር ኩብ ኮንክሪት 6 ከረጢት ከሲሶ ያህል ሲሚንቶ፤ 0.44 ሜትር ኩብ አሸዋና 0.88 ሜትር ኩብ ጠጠር ይገባል።

ብረት ለሚገባበት አርማታ 1 ለ2 ለ3 የሆነው ጠንከር ያለ ድብልቅ ይመረጣል። ለ1 ሜትር ኩብ 7 ከረጢት ተኩል የማይሞላ ሲሚንቶ፤ 0.51 ሜትር ኩብ አሸዋና 0.77 ሜትር ኩብ ጠጠር ይወስዳል።

ክብደት ለማይሸከምና ከመሠረት ሥር ለሚፈስ ቀጭን ኮንክሪት 1 ለ3 ለ6 ይበቃል። እርሱ ለ1 ሜትር ኩብ 4 ከረጢት ተኩል ያህል ሲሚንቶ ይፈልጋል።

የአሸዋውና የጠጠሩ ድምር ከ1 ሜትር ኩብ መብለጡ አንባቢውን ሊያስገርም ይችላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በጠጠር መካከል ባዶ ቦታ አለ፤ አሸዋው ይገባበታል። በአሸዋው መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ደግሞ ሲሚንቶው ይሞላዋል። ጤፍ ከባቄላ ጋር ቢቀላቀል ሁለት ቁና አንድ ላይ ሁለት ቁና እንደማይሞላ ሁሉ፤ ደረቁ ዕቃ ሲቦካና ሲጠቀጠቅ ያንሳል።

በዚህ መሠረት የወለሉና የበረንዳው ኮንክሪት ከነብክነቱ 5.46 ሜትር ኩብ ሲሆን 35 ከረጢት የማይሞላ ሲሚንቶ ይፈልጋል። ማሰሪያው አርማታ ከነብክነቱ 1.18 ሜትር ኩብ ሲሆን 9 ከረጢት የማይሞላ ይወስዳል። ሁለቱ ተደምረው ወደ ላይ ሲጠጋጉ 44 ከረጢት፤ ማለትም 22 ኩንታል ይሆናሉ። አሸዋው 3 ሜትር ኩብ፤ ጠጠሩ ደግሞ 6 ሜትር ኩብ የማይሞላ ነው። የግንበኛው ዓይን በዚህ ቤት ላይ አልተሳሳተም ነበር። የጎደለው ሂሳቡን ጽፎ መስጠት ነው።

አባወራው በቃላቸው ሊይዙት የሚችሉት አንድ ቀላል መለኪያም አለ። በ1 ለ2 ለ4 ድብልቅ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ወለል አንድ ካሬ ሜትር ተኩል ያህል ያለብሳል። እንግዲህ ወርዱ 5 ሜትር በሆነው ቤት 10 ከረጢት ሲያልቅ ከቤቱ ርዝመት 3 ሜትር ያህል መሸፈን አለበት። ሥራው 2 ሜትር ላይ ከሆነ ወለሉ እየወፈረ ነው ወይም ሲሚንቶ እየባከነ ነው። 4 ሜትር ከተኩል ከደረሰ ደግሞ ወለሉ ቀጥኗል ወይም ድብልቁ ሳስቷል። ይህን ለመቈጣጠር ግንበኛ መሆን አያስፈልግም፤ ባዶ ከረጢቶቹን መቍጠር ብቻ ይበቃል።

የአካፋው ነገር

ሂሳቡ በወረቀት ላይ ቢያምርም ድብልቁ በአካፋ ከተሰፈረ ዋጋ የለውም። አንዱ አካፋውን ቈልሎ ይዝቃል፤ ሌላው ደክሞት እኩሌታ ያነሳል። ስለዚህ በማንኛውም የሥራ ቦታ መስፈሪያ ሳጥን መኖር አለበት። ሳጥኑ ከማናቸውም ጣውላ ሊሠራ ይችላል። የውስጡ ርዝመት 50፤ ወርዱ 40፤ ከፍታው 18 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 36 ሊትር ይይዛል። ይህም አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ከሚይዘው ቦታ ጋር የተቀራረበ ነው። እንግዲህ ለወለሉ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሲፈታ ሁለት ሳጥን አሸዋና አራት ሳጥን ጠጠር በልኩ ተላግቶ ይሰፈርለታል።

ውሃውም ያለ ልክ አይፈስም። ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ከ25 እስከ 28 ሊትር ይበቃል። አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚህም ይቀነሳል። ለመቦካት እንዲቀል ተብሎ ውሃ ሲበዛበት ኮንክሪቱ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ላዩም እንደ ዱቄት ይራገፋል። ያን ጊዜ የተቈጠበ ጉልበት እንጂ የተቈጠበ ሲሚንቶ አይኖርም።

አሸዋና ጠጠር በመኪና ሲመጣ ሻጩ በጠራው ቁጥር ብቻ መቀበል አይገባም። የመኪናው ጭነት ቦታ ርዝመት፤ ወርድና የጭነቱ ከፍታ በሜትር ተለክቶ ይባዛ። 4 ሜትር በ2 ሜትር በሆነ የጭነት ቦታ ላይ አሸዋው ግማሽ ሜትር ከፍ ካለ 4 ሜትር ኩብ ነው። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ በቅርብ የሚገኘው ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ጠጠር ለመደልደያና ለብሎኬት ቢያገለግልም፤ ለአርማታ ግን በጠንካራው ጥቍር ድንጋይ ጠጠር ምትክ መቈጠር የለበትም።

መኪና የማይደርስበት መንደር ሂሳቡን በአህያ ጭነት መለወጥ ይችላል። አንዲት አህያ በአንድ ጉዞ አንድ ከረጢት ብትጫን የዚህ ቤት ሲሚንቶ 44 ጉዞ ነው። ስንት አህያና ስንት ቀን እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ከታወቀ ደቦው የሚጠራበት ቀን አይዛባም።

ሂሳቡን የሚያፈርሱ ነገሮች

ትክክለኛውን ሂሳብ በሥራው ላይ የሚያፈርሱት በተለይ ሁለት ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው ያልተስተካከለ መሬት ነው። ከወለሉ ሥር ያለው ድንጋይና ድልድል በውሃ ልክ ካልተስተካከለ፤ 10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል የተባለው ውፍረት በዝቅተኛው ቦታ 14 እና 15 ይደርሳል። በ40 ካሬ ሜትር ወለል ላይ ውፍረቱ በአማካይ 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢጨምር 0.80 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይጨመራል። ይህም 5 ከረጢት ሲሚንቶ ነው። ግማሽ ቀን የሚወስድ የማስተካከል ሥራ 2 ኩንታል ተኩል ሲሚንቶ ያድናል ማለት ነው። ብርሃን አስተላላፊ በሆነ ቀጭን ላስቲክ ውስጥ ውሃ ሞልቶ የአራቱን ማዕዘን ከፍታ ማስተያየት ማንም ሊሠራው የሚችል ነው።

ሁለተኛው የሲሚንቶው አቀማመጥ ነው። ሲሚንቶ እንደ እህል ጎተራ ገብቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ከአየር እርጥበት እየሳበ ይረጋል። ሦስት ወር ያለፈው ሲሚንቶ ጉልበቱ ይቀንሳል። በሐምሌና በነሐሴ እርጥብ መሬት ላይ የተከመረው ደግሞ ከነከረጢቱ ድንጋይ ይሆናል። «ዋጋው ሳይጨምር» ተብሎ አስቀድሞ ወይም በትርፍ የተገዛ ሲሚንቶ የሚጠፋው በዚህ ዓይነት ነው። ስለዚህ አሸዋው፤ ጠጠሩና ድንጋዩ ቀድመው ይቅረቡ፤ ሲሚንቶው መጨረሻ ላይ ይገዛ። እስከ ሥራው ቀን ድረስም ከመሬት ከፍ ባለ ጣውላ ላይ፤ ከግድግዳ ራቅ ብሎ፤ በላስቲክ ተሸፍኖ ይቀመጥ። በእጅ ሲጨበጥ የማይፈርስ ጓል የበዛበት ሲሚንቶ ለአርማታ አይሆንም።

የተሞላው ወለል ቢያንስ ለ7 ቀን በውሃ መራስ እንዳለበትም መዘንጋት የለበትም። እርጥብ ጆንያ ወይም ገለባ አልብሶ ጠዋትና ማታ ውሃ ማጠጣት ተጨማሪ ሲሚንቶ ሳይጠይቅ ጥንካሬ ይሰጣል። ለዚህ የሚያስፈልገው ውሃ ከወንዝ የሚቀዳ ከሆነም፤ የተሸካሚዋ ድካም ከሥራው ቀን በፊት አብሮ ይታሰብ።

የማኅበሩ ድርሻ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የተቋቋመው የገበሬ ማኅበር፤ ዛሬ በአስተዳደር ስሙ ቀበሌ ቢባልም በሕዝቡ አፍ ስሙ አልጠፋም። ትምህርት ቤት ሲሠራ፤ ምንጭ ሲጎለብት፤ የእህል መጋዘን ወለል ሲነጠፍ ገንዘብና ጉልበት የሚያስተባብረው መሪው ነው። በአንድ ቤት ላይ የሚደርሰው የሂሳብ ስሕተት አንድ በሬ ሲያስከፍል፤ በጋራ ሥራ ላይ የሚደርሰው ግን የሕዝብ መዋጮ ያስከፍላል። ሲሚንቶው ሳይበቃ ሲቀርም ሐሜቱ የሚያርፈው በመሪው ላይ ነው። ተለክቶና ተጽፎ የተቀመጠ ሂሳብ ግን ገንዘቡንም፤ የመሪውንም ስም ይጠብቃል።

ስለዚህ በየማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አንድ የሜትር ጥቅልል፤ ሁለት መስፈሪያ ሳጥንና አንድ የውሃ ልክ ላስቲክ ቢኖር፤ ቤት የሚሠራ ሁሉ እየተዋሰ ሊገለገልበት ይችላል። ስምንተኛ ክፍል የደረሰ የመንደሩ ልጅ ርዝመት፤ ወርድና ውፍረት አባዝቶ ሊጽፍ አያዳግተውም። ወረቀቱ ላይ የሥራው ክፍል፤ ሜትር ኩቡ፤ የድብልቁ ዓይነት፤ የከረጢቱና የኩንታሉ ቁጥር ጎን ለጎን ይስፈር። ግንበኛውም አባወራውም ከግዥው በፊት አብረው ይዩት። በአንድ ሰሞን ቤት የሚሠሩ አምስትና ስድስት አባወራዎች ወረቀታቸውን አንድ ላይ ቢያመጡ ደግሞ በአንድ መኪና አስጭነው የማጓጓዣውን ወጪ ሊካፈሉ ይችላሉ።

አንድ ገደብ ግን መታወቅ አለበት። ከላይ የተነገረው ሂሳብ ለምድር ቤት ወለል፤ ለበረንዳና ለመሠረት ማሰሪያ የሚያገለግል ነው። ፎቅ፤ የአርማታ ጣሪያ፤ ከፍ ያለ የውሃ ማጠራቀሚያ ወይም ድልድይ የሚሠራ ማኅበር የብረቱንም የኮንክሪቱንም ልክ ከባለሙያ መቀበል አለበት። በዚያ ሥራ ላይ የሚደርስ ስሕተት የሚያስከፍለው በሬ ሳይሆን የሰው ሕይወት ነው።

ወደ ምሳሌው አባወራ ስንመለስ፤ በሬው የተሸጠው ለ22 ኩንታል ነበር። ሂሳቡ በወረቀት ተጽፎ ቢሆን ኖሮ 44 ከረጢት ቈጥረው ይረከቡ ነበር። ደቦው በአንድ ውሎ ሥራውን ይፈጽም፤ ባለቤታቸውም ከሳምንት በኋላ እርጥቡን ጆንያ አንሥተው ወለላቸውን ይጠርጉ ነበር። በመጪው በጋ ቤት ለመሥራት ያሰበ አባወራ ወደ ማኅበሩ መሪ መጥቶ «ስንት ኩንታል ይበቃኛል?» ብሎ ሲጠይቅ፤ መሪው ቁጥር ከመጥራቱ በፊት ሜትሩን አንሥቶ አብሮት ወደ ቤቱ ይሂድ።